ማን ነካት?

አያ ተገኘ ማረፋቸውን የሰማሁት መጋዘን ውስጥ ገመድ ስጠቀልል ነው። ልጃቸው ትርንጎ ከአዲ አርቃይ ደውላ፣ «አባቴ ትናንት አረፈ፤ ቁጥርሽን ስልኩ ላይ አግኝቼ ነው» አለችኝ። ነፍስ ይማር አልኋት፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኋት፣ ስልኩን ዘጋሁና የተጠቀለለው ገመድ ላይ ቁጭ አልሁ። ወዲያው አለቀስሁ ብል ደስ ባለኝ ነበር። ቀድሞ የመጣብኝ ግን ፍርሃት ነው። ለቅሶ መድረስ አለብኝ፤ ለቅሶ ከደረስሁ ደግሞ ልጃቸውን ዓይን ለዓይን ማየት አለብኝ። እንደዚያ ከፈራሁ ስድስት ዓመት አልፎኝ ነበር።

አያ ተገኘ ጎንደር ውስጥ ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያና መብራት በምናከራይበት ቤት የትልቁ ፓውዛ ሠራተኛ ነበሩ። እኔ የመጋዘኑ ኃላፊ ነኝ፤ የሚወጣውን አስፈርሜ አወጣለሁ፣ የሚመለሰውን አይቼ አስገባለሁ። ፓውዛ ስላችሁ ሠርግ አዳራሽ ላይ የሚንጠለጠለው እንዳይመስላችሁ። አፉ ከበርሜል የሚሰፋ፣ በማኪና ተጭኖ የሚሄድ፣ የራሱ ጄኔሬተር ከኋላ የሚጎተትለት ነው። ሽቅብ ሲበራ ደመናው ላይ ክብ ይሠራል፤ በአይከል መንገድ የሚመጣ ሰው ሳይቀር ያየዋል። ያ ሁሉ ብርሃን የሚወጣው ክንድ ከማትሞላ አንዲት የመስተዋት አምፖል ነው። ውስጧ ታምቆ የተሞላ ጋዝ አለ። ስትሰበር እንደ ቤት አምፖል ተሰብራ አትቀርም፣ ትፈነዳለች። ስትግል ብቻም አይደለም፤ ቀዝቅዛ ሣጥኗ ውስጥ እንደተቀመጠችም ትፈነዳለች።

አያ ተገኘ «እሷ» ነው የሚሏት። ሣጥኗን ከመደርደሪያ ሳወርድ ባዩ ቁጥር፣ «ረጋ በይ ስንዱ፣ ተኝታለች እንጂ አልሞተችም» ይሉኛል። የቢሮ ሰዎች ይስቃሉ። እኔም እስቅ ነበር፤ ሣጥኑን ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር የማወርደው።

አምፖል ሲቀይሩ ያየ ሰው አይረሳቸውም። ቀለበታቸውን ያወልቃሉ። የአንገታቸውን ማተብ ወደ ጀርባቸው ያዞራሉ። እጃቸውን በሳሙና ታጥበው እስኪደርቅ ዘርግተው ይጠብቃሉ። የቀትር ፀሐይ አናት ቢበሳም እስከ ጉልበት የሚደርስ የቆዳ ካፖርት ይለብሳሉ፣ ፊታቸውን እስከ አንገት የሚሸፍነውን ግልጽ መከላከያ ይደፋሉ፣ ንጹሕ ነጭ የጥጥ ጓንት ያጠልቃሉ። ከዚያ በኋላ ወደኔ ዘወር ብለው አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ «ማን ነካት?»

«ማንም» እላለሁ።

ይህን ሳልል ሣጥኗን አይከፍቱም። ምክንያቱን ያስረዱኝ አንዴ ነው፤ ሁለተኛ አላስፈለገኝም። ሰው በባዶ እጁ ከነካት የገላው ቅባት መስተዋቷ ላይ ይቀራል። ስትግል ቅባቱ ያርርና መስተዋቷን ያቆስለዋል። የቆሰለው ቦታ ውስጧ የታመቀውን ጋዝ መቻል ያቅተዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፤ ሳትበራ በፊት አልኮል በነካ ንጹሕ ጨርቅ መጥረግ። መነካቷን የሚናገር ሰው ካለ ማለቴ ነው።

በእኛ አገር ፈሪ መባል ቀላል ስድብ አይደለም። አያ ተገኘን ግን ፊት ለፊታቸው «ፈሪው» ይሏቸው ነበር፣ ሾፌሩም፣ ድንኳን ተካዮቹም፣ አለቃችንም። እሳቸው አይቆጡም። ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ያሉትን ሦስት ጠባሳዎች በጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና፣ «አዎ ፈሪ ነኝ። ሁለት ዓይን ያለው ፈሪ» ይላሉ። ልጅ እግር ሳሉ ሲኒማ ቤት ፊልም ሲያሳዩ እንዲህ ዓይነት አምፖል አጠገባቸው ፈንድታለች። ጓደኛቸው እንደሳቸው አልቀናውም፤ ከዚያ ቀን በኋላ በአንድ ዓይን ነው የኖረ። አምፖሏ የፈነዳችው ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «አንድ ሰው ያልተናገረው ነገር ነበረ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ዳባት አካባቢ ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ሙሽራዋ ስትመጣ ፓውዛውን ወደ መንገዱ እንዲያዞሩት ግድ አሏቸው። «ሾፌሩ ዓይኑ ከጠፋ ሙሽሪትን ገደል ነው የምትከቷት» ብለው እምቢ አሉ። ከሚዜዎቹ አንዱ ሞቅ ብሎት ነበርና ካልሆነ ብሎ ኮሌታቸውን ያዘ። አያ ተገኘ የማብሪያውን ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱና ቀበቷቸው እስኪላላ ተገፈተሩ፤ ቁልፉን ግን አልሰጡም። የበራውን ፓውዛ ውስጡን የሚያይ ሰው ካገኙ ደግሞ ይጮኻሉ፤ አይተውት ለሁለት ቀን ዓይናቸው አሸዋ እንደገባበት ሆኖ ያውቃልና።

ካጠፉት በኋላ ያለው ጥንቃቄያቸው ነበር ሰውን የሚያማርር። የፓውዛው ማራገቢያ እያቀዘቀዛት፣ የአምፖሏን ቤት በር ሳይከፍቱ ከማኪናው ጀርባ ይቀመጣሉ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ሁለት ጊዜ ያደርሳሉ። ሾፌሩ አንድ ቀን መሮት፣ «አያ ተገኘ፣ ሰዓት የለዎትም እንዴ?» አላቸው። «ሰዓትማ አለኝ። ሰዓት ያስቸኩላል፤ ጸሎት አያስቸኩልም» አሉት።

ወደ እኔ ጉድ ልምጣ።

ከወለቃ በላይ ኮረብታ ላይ፣ ስሟን የማልጠራት አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ለንግሡ ዋዜማ ፓውዛ እንድናቆምላቸው ለመኑን። የእኛ አምፖል የተፈቀደላትን ሰዓት ጨርሳ ነበር፤ ሰዓቷ ያለፈ አምፖል ደግሞ አያ ተገኘ ቢገድሏቸው አያበሩም። ይህን የሰማ አንድ የአይከል ነጋዴ፣ ልጁ ከሕመም ስለተነሣለት፣ አዲስ አምፖል ለማርያም ተሳለ። ጃንጥላ ሲሳል አይቻለሁ፣ ምንጣፍ ሲሳል አይቻለሁ፤ አምፖል ግን የዚያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ዕቃው መጣ። ስለት ነውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ መታየት አለበት ተባለ። አያ ተገኘ ወገባቸውን ይዟቸው ተኝተው ነበር። «አንቺ ውሰጃት። ሣጥኗን አሳዪ፤ እሷን ግን ከሣጥኗ እንዳታወጪ» አሉኝ።

ዐውደ ምሕረቱ ላይ ሣጥኑን አቅፌ ቆምሁ። ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ዕቃ አስተዳዳሪ፣ ቀረብ አሉና፣ «ምነው ልጄ ካርቶን ታሳይናለሽ? ሕዝቡ ስለቱን ይየው እንጂ» አሉ።

«አባ፣ አትነካም» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ለእመቤታችን የተሰጠ ምን ይሆናል?» ብለው ሣጥኑን ከፈቱት፣ የፕላስቲክ ሽፋኗን አወለቁና ከፍ አደረጓት። እልልታው ቀለጠ። እሳቸው ተሳለሟት፣ ቀጥሎ ካህናቱ፣ ቀጥሎ ሕዝቡ። ሰው ሁሉ በተራ እየመጣ ሳማት፣ ግንባሩን አስነካት። እማ ውዴ የሚባሉ ዓይናቸውን የሚያማቸው አሮጊት፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሽፋሽፍታቸው ላይ አድርገዋት ሲለማመኑ እኔ በሐሳቤ ያየሁት መስተዋቷ ፊታቸው ላይ ስትበተን ነው። አልፈነዳችም። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተናገርሁም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ቄስ ማስቆም፣ ስለት አይሳምም ማለት፣ ምን ዓይነት ደፋር ናት እንደምባል አሰብሁና አፌ ተሳሰረ።

መጋዘን ተመልሼ ልጠርጋት ነበር። ምላችኋለሁ፣ አልኮሉን ጨርቁ ላይ አፍስሼው ነበር። የሰው ሁሉ ልመና ያረፈበትን መሳለሚያ በአልኮል መጥረግ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ነገ ለአያ ተገኘ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ያውቁበታል አልሁና ሽፋኗን መለስሁ። ነገ ሲሆን፣ «ከሣጥኗ እንዳታወጪ ብዬሽ» የሚለው ድምፃቸው በጆሮዬ መጣ። ሳልነግራቸው ዋዜማው ደረሰ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፣ ፀሐይ ገና ጠንክራለች። ማኪናው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ሰፊው ሜዳ ላይ ቆሟል። አያ ተገኘ ታጠቡ፣ አደረቁ፣ ማተባቸውን አዞሩ፣ ካፖርታቸውን ለበሱ። ወደኔ ዞሩ።

«ማን ነካት?»

«ማንም።»

ቃሉ በልማዱ ወጣ። ልመልሰው ስል እሳቸው ሣጥኗን ከፍተው ነበር። በዚያ በወፍራሙ መከላከያ ውስጥ ሆነው ሲያስገቧት የማየው ዓይናቸውን ሳይሆን ሦስቱን ጠባሳ ነው። በሩን ዘጉ፣ ጄኔሬተሩ አጉረመረመ፣ ፓውዛው ጧ ብሎ በራ። ለሙከራ ነው፤ ማታ እንዳያሳፍራቸው። መብረቅ ሲወድቅ የሚሸተው ሽታ መጣ።

ሕዝቡ እየተሰበሰበ ነው። ሰንበት ተማሪዎች ከበሮ ይዘው ደረሱ። ሰው ተአምር እንደሚያይ ሁሉ ወደ ማኪናው ይጠጋል፤ አያ ተገኘ ይመልሱታል፣ ተመልሶ ይጠጋል። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት ሆነ። እኔ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ደኅና ናት፣ እስካሁን ካልፈነዳች አትፈነዳም እላለሁ፤ መልሼ ደግሞ፣ ቅባቱ አሁን ነው የሚያርረው እላለሁ። እግሬ ወደ ቅጥሩ በር ይሄዳል፣ ይመለሳል። እማ ውዴን ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። በትራቸውን እየተደገፉ መጥተው ከፓውዛው አፍ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ያቺ የሳሟት ዓይናቸውን እንድታበራላቸው ነው።

ሮጥሁ። የአያ ተገኘን ካፖርት ይዤ፣ «ነክተዋታል። ስመዋታል፣ አያ ተገኘ። እሑድ ዕለት» አልኋቸው።

መከላከያውን ገለጥ አድርገው አዩኝ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «ስንት ሰው?» አሉ።

«ሁሉም።»

ከንፈራቸው ሲነጣ አየሁ። ስንት ደቂቃ እንደበራች የሚያሳየውን ቆጣሪ አይተው፣ «አሁን ባጠፋትም ስትቀዘቅዝ ትሰነጠቃለች፤ ባላጠፋትም ትግላለች። መጀመሪያ ሰውን» አሉና ቀጥ ብለው ወደ ቄሰ ገበዙ ሄዱ። መስቀል ተሳለሙ። «አባ፣ ይህን ሕዝብ ከቅጥሩ ወዲያ ያውጡልኝ።»

«ዋዜማ ቆመን? ምን ሆነህ ነው ተገኘ?»

የማንንም ስም አልጠሩም። ማን እንዳወጣት፣ ማን እንደሳማት፣ ማን እንደዋሸ አላወሩም። «አባ፣ እኔ ፈሪ ነኝ። አገር ያውቀኛል። ለአንድ ፈሪ ሲሉ ያውጡልኝ» አሉ።

ቄሰ ገበዙ ፊታቸውን ሲያዩ ሌላ አልጠየቁም። በድምፅ ማጉያው ተናገሩ። ሰው እያጉረመረመ ከድንጋዩ ቅጥር ወዲያ ወጣ፤ ጎረምሶቹ «ወይ ወንድ!» እያሉ ሳቁባቸው። እማ ውዴን እኔ ደግፌ አወጣኋቸው። ዘወር ስል አያ ተገኘ ብቻቸውን ሜዳው ላይ ቀርተዋል። ማጥፊያው ማኪናው ላይ ነው፤ አንድ ሰው መቅረት አለበት። እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት። ማራገቢያው እየዞረ ነው። ከማኪናው ጀርባ ተቀመጡና መጸለይ ጀመሩ።

እኔ ከቅጥሩ ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ፍርሃት ማለት የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለራስ መፍራት ቀላል ነው፤ በአንቺ ውሸት ሌላ ሰው አደጋ አጠገብ ተቀምጦ ማየት ግን ሌላ ነው። ማራገቢያው ሲንቋቋ አብሬ እደነግጣለሁ። ሰንበት ተማሪ ከበሮ ሲነካ እደነግጣለሁ። ውዳሴ ማርያሙን ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ነው ያደረሱት። ከዚያ ተነሡ፣ መከላከያቸውን ደፉ፣ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በሩን ከፈቱ። ዓይኔን ጨፈንሁ።

ምንም አልተሰማም። ስገልጥ ሽፋኗን አልብሰዋት ቆመዋል። እኔንና ቄሰ ገበዙን ብቻ በእጃቸው ጠሩን፤ ራቅ ብለን እንድንቆም አደረጉና አሳዩን። በግልጹ ሽፋን ውስጥ መስተዋቷ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ከንፈር ነው። የሰው ከንፈር ከነመስመሩ ወተት መስሎ መስተዋቷ ውስጥ ቀርቷል። ከአንደኛው ከንፈር ጥግ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተነሥታ ወደ ላይ ሄዳለች።

ቄሰ ገበዙ የራሳቸውን አፍ በነጠላቸው ያዙ።

«ዕቃ ቤት ትቀመጥ?» አሉ ቆይተው፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ስለት ናት።»

«አትቀመጥም፣ አባ። እንደተሞላች ናት። አርጅቶ ያለቀ ልብሰ ተክህኖ እንደምትቀብሩት ቅበሩልኝ። ሰብሬ እሰጣችኋለሁ።»

በድርብ ሸራና በብርድ ልብስ ጠቀለሏት፣ የብረት ሣጥን ውስጥ ከተው ዘጉ፣ ከሕዝቡ ርቀው በመዶሻ መቱት። የተዘጋው ክዳን ብድግ ብሎ ወደቀ። ከቅጥሩ ማዶ ያለው ሰው ሁሉ አማተበ፤ ሲስቁ የነበሩት ጎረምሶችም ጭምር። ስብርባሪዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ተቀበረ። ዋዜማው በጧፍ ተቆመ።

በማግሥቱ አለቃችን ሁለታችንን ጠራን። ነጋዴው ስለቴ ተሰበረ ብሎ እየጮኸ ነው። አለቃችን፣ «ማን ነካት?» አለ። ጥያቄውን ከአያ ተገኘ ነው የወሰደው፤ ሊያሾፍባቸው።

አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ። በባዶ እጄ።»

ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያስፈራሩ የኖሩት አያ ተገኘ በባዶ እጃቸው! አለቃችን ግን አልሳቀም፤ አሰናበታቸው። እኔ የከፈትሁትን አፍ መልሼ ዘጋሁት። እሑድ ዝም አልሁ፣ ዋዜማ ዕለት ዋሸሁ፣ ያን ቀን ደግሞ ስማቸው ፊት ለፊቴ ሲወሰድ አየሁ።

መናኸሪያ ድረስ ቦርሳቸውን ይዤ ሸኘኋቸው። «ምነው እንዲያ አሉ?» አልኋቸው እያለቀስሁ።

«አንቺ ልጆች አሉሽ። እኔ ወደ አገሬ መግባቴ ነው» አሉ። አውቶቡሱ ላይ ወጥተው በመስኮቱ ጎንበስ አሉልኝ። «ስንዱ፣ መፍራቱን ታውቂበታለሽ። የምትፈሪውን ነው የማትለዪ። እሷን መፍራት ሲገባሽ ቄሱን ፈራሽ፣ እኔን ፈራሽ።» ስድስት ዓመት ሙሉ ለበዓል እደውላለሁ፤ ስለ ላሞቻቸው ያወሩኛል እንጂ ነገሩን አንድ ቀን አንስተውት አያውቁም።

መንገዱ ሰላም ነው አሉኝና በሦስተኛው ቀን ተሳፈርሁ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ስንወርድ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት መቀመጫውን ጨምድዳ ይዛ ትጸልያለች፤ እኔ ገደሉን ረስቼዋለሁ።

ድንኳኑ ሞልቷል። ትርንጎ አቅፋ አለቀሰችኝና ከጎኗ አስቀመጠችኝ። ጥቂት ቆይታ እንባዋን ጠርጋ፣ «አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል?» አለች። «አባቴ ቤት ውስጥ ብርጭቆ እንኳ በጨርቅ ነበር የሚይዝ። አምፖል በባዶ እጁ ነካ ተብሎ ከሥራ ወጣ ሲሉኝ አላመንሁም። ሰው እዚህም ድረስ ሲስቅበት ኖረ። ስጠይቀው ‹ነካሁ› ብቻ ይላል።» ወደ እኔ ዞረች። «እስኪ ንገሪኝ። ማን ነካት?»

«ማንም» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ መጣ። የሠላሳ አርባ ሰው ዓይን እኔ ላይ ነው። ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ ያስነካኋት» አልሁ። «እሳቸው አልነኳትም። ሲጠይቁኝ ዋሸኋቸው። ለእኔ ብለው ነው ነካሁ ያሉ።»

ትርንጎ ቀና ብላ አየችኝ። ከድንኳኑ ዳር ወደተቀመጡት ሽማግሌዎች በእጇ አመለከተችኝ።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው» አለች። «እነዚያ አልሰሙም።»

ከፍ አድርጌ ደገምሁት።